ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ረጃጅም ቃላት

ሚያዝያ 25 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ መካነ ኢየሱስ

የፋሲካው ዕረፍት አለቀና ዛሬ ሰኞ ክፍል ገባን። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አምስት ሳምንት ቀርቷል። የሚፈተኑ አሥር ተማሪዎች አሉኝ፤ ዘጠኙ ወንዶች ናቸው፣ አሥረኛዋ ፈትለወርቅ ማሩ ናት።

የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተሬን አውጥቼ ቆጠርኩ። በ«ሽን» የሚያልቁት ብቻ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ደርሰዋል። ኤግዛሚኔሽን፣ ዲተርሚኔሽን፣ አድሚኒስትሬሽን፣ ኢማጂኔሽን፣ ሲቪላይዜሽን፣ ኮንግራቹሌሽን። ከፈተናው በፊት ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ላደርሳቸው አስቤያለሁ፤ በኒቅያ ጉባኤ በተሰበሰቡት አባቶች ቁጥር ልክ። በ«መንት» የሚያልቁ፣ በ«ነስ» የሚያልቁ፣ በ«ቢሊቲ» የሚያልቁም ለየብቻ ገጽ አላቸው። ሲጠሩ አፍ ይሞላሉ።

እንግሊዝኛን እንዲህ ማስተማር ከእኔ በፊት ማንም ያሰበው አይመስለኝም። ስማዳ ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት ነው፤ የቅኔው ስንኝ ሁሉ በአንድ ፊደል ማለቅ አለበት፣ ቤት መምታት ይሉታል። ቤቱን የያዘ ተማሪ ቃሉን አይረሳም። ለግዕዝ የሠራ ለእንግሊዝኛ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። አዲስ አበባ ሁለት ክረምት ኮርስ ስወስድ የተጻፈልኝን ሁሉ እዚህ መጥቼ በቤት በቤቱ ያደራጀሁት ለዚህ ነው።

ርእሰ መምህሩ ደምሌ ግን ያሾፍብኛል። «ቻላቸው፣ አደራህን ‹የሽን ቤት› እያልክ እንዳታስተምር፤ ልጆቹ ሌላ ቤት ያደርጉታል» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን «ቤት» ማለቱን ትቼ «ዘር» እላለሁ።

የፈትለወርቅ አባት ባላምባራስ ማሩ በር ላይ ጠበቁኝ። ሰውየው ፊደል አልቆጠሩም፤ ሲናገሩ ግን ችሎት የተቀመጡ ይመስላሉ።

«መምህር፣ እንግዲህ ስማኝ። ልጅቱ ካለፈች ጎንደር እኅቴ ዘንድ እሰዳታለሁ፣ ዘጠነኛን ትቀጥል። ከወደቀች ግን ለአንዳቤት ሰዎች የገባሁላቸው ቃል አለ፤ ጥር ላይ እድራታለሁ። ለሷም ነግሬያታለሁ። እኔ ቃሌን አላጥፍም።»

«ታልፋለች» አልኳቸው።

ሚያዝያ 28

ዛሬ ሁለት ቃል ብቻ። ኮንስቲትዩሽን። ትራንስፖርቴሽን። ሦስተኛው ሪቮሉሽን ነበር፤ ደምሌ በመስኮት አይቶ ገባና ራሱ በእጁ ከሰሌዳው ጠረገው። «ቃሉ ረጅም ነው፤ እኛ ግን አጭር ነን» አለኝ። እውነቱን ነው።

ግንቦት 1፣ ልደታ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሜዳ አውጥቼ በዜማ አስባልኳቸው። አሥሩም በአንድ ድምፅ ሲያወርዱት መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ። አንድ አህያ የጫኑ ሽማግሌ «ይሄ ደግሞ የየትኛው ደብር ማሕሌት ነው?» ብለው ጠየቁ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

ደስታዬን የበላው ጁነይዲ ነው። ጁነይዲ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ነው። በጎልማሳነቱ ኤደን ወደብ ሰባት ዓመት ሠርቷል፤ እዚያ ከመርከበኛ የለቀመው እንግሊዝኛ አለው። ማንበብ አይችልም። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲያዳምጥ ቆየና ለደንበኞቹ፣

«ዜማውስ ያምራል። እርቦኛል ሲሉ ምን ይላሉ?» አላቸው።

ሳቁ። እኔም የሰማሁ አልመሰልኩም።

የወደብ እንግሊዝኛ! ቤት የለው፣ ዘር የለው፣ ከአንዲት ትንፋሽ የማይረዝም ቃል ብቻ። እንዲህ ያለውን ማን ፈተና ላይ ይጠይቃል። ይህን ጽፌ ወደ ሌላ ነገር ልሂድ ብዬ ነበር፤ ግን እርቦኛል የሚለውን ደብተሬ ውስጥ ፈለግኩት። የለም። ስታርቬሽን አለ።

ግንቦት 6

ካርታ የሚያነሳ ፈረንጅ ከሦስት በቅሎ ጋር በከተማው አለፈ። አስተርጓሚው መንገድ ላይ ታሞ ቀርቶበታል። ሕዝቡ ከበበውና «መምህሩን ጥሩ!» አለ። ከክፍል ጠሩኝ። ተማሪዎቼም ተከተሉኝ።

ፈረንጁ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አነጋገሩ የተበላሸ ነው፤ ቃሉን እየዋጠ ነው የሚናገር። «ኮንግራቹሌሽን» አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። «አድሚኒስትሬሽን» አልኩት፣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በእጄ እያመለከትኩ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። ኋላ ጁነይዲ ከሱቁ ወጥቶ ሁለት ሦስት ቃል ወረወረና በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ ምንጩ ወሰዳቸው። ፈረንጁ ጨብጦት ሄደ።

እንዲህ ሆነ። ሌላ የለም።

ግንቦት 9

ፈትለወርቅ ዛሬ ደብተር ስታስረክብ፣ «መምህር፣ ፈረንጁ ምን ብሎ ነበር የጠየቀዎ?» አለችኝ።

«ስለ አስተዳደር ነው የተነጋገርነው» አልኳት።

«እሺ» አለች። አንገቷን አቀርቅራ ወጣች። ጨዋ ልጅ ናት። ከጨዋ ሰው «እሺ» የከፋ ስድብ ግን አላውቅም።

ግንቦት 10

ክፍል ውስጥ እጇን አነሳች። «መምህር፣ ‹አይ ዶንት ኖው› ማለት ልክ ነው?»

«ከየት አመጣሽው?»

እንዲህ ያለ አጭር ነገር ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ ተቀመጪ አልኳት። ዘጠኙ ወንዶች ተያዩ። ከትምህርት በኋላ ከመስኮት ሳይ ነገሩ ገባኝ። ጁነይዲ ሱቅ ደጃፍ፣ ከሴት ልጁ ከሀኒፋ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጁነይዲ ውስጥ ሆኖ ጨርቅ እየለካ ይናገራል፣ እሷ ትደግማለች፣ ትጽፋለች። አንዳንዴም ይስቃሉ። ከእኔ ጋር ስትማር ስቃ አታውቅም።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሦስት መቶ ሁለት ቃል ደርሻለሁ።

ግንቦት 11

ባላምባራስ ማሩን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋቸው። አንድ ቃል አመለጠችኝ። «ልጅዎን ከትምህርት በኋላ ነጋዴ ደጃፍ ተቀምጣ አያታለሁ፤ ሰው እንዳያወራባት ብዬ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ለእሷ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ግንቦት 12

ፈትለወርቅ አልመጣችም። አሟት ይሆናል።

ግንቦት 13

አልመጣችም። ለእሷ ብዬ ነው።

ግንቦት 15፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ እናቷ ወይዘሮ ቦጋለች ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩኝ።

«እርስዎ አሉ ተብሎ ነው ልጄ ከቤት የማትወጣው። ደብተሯን ሳይቀር አባቷ ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባታል። እሷም አታለቅስ፣ አትናገር፤ ገብስ ስትለቅም ትውላለች። መምህር፣ ምን አድርጋ አገኟት?»

«ምንም» አልኩ።

«ምንም ካላደረገች ምን ብለው ነገሯቸው?»

ሦስት መቶ ስድስት ረጃጅም ቃል ይዤ አንዲት መልስ አጣሁ። የኔታ ስማዳ ላይ «ሰው የሚጠፋው በማያውቀው አይዶለም፣ አውቃለሁ ባለው ነው» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ሌሎቹን ተማሪዎች የሚሉ ይመስለኝ ነበር።

ግንቦት 17

ጁነይዲ ቤቴ ድረስ መጣ። ግባ ስለው አልገባ አለ፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የተናገረኝ።

«መምህር፣ ልጅቱ ምን አጠፋች? ከልጄ ጋር ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው የተቀመጠች። እኔ አስቀይሜዎት ከሆነ እኔን ይናገሩኝ እንጂ።»

«አላስቀየምከኝም» አልኩት።

«ያን ቀን ፈረንጁ ፊት የወጣሁት ላዋርድዎ ብዬ አይዶለም። ውሃ የት አለ ነበር የሚልዎት። በቅሎዎቹ ምላሳቸውን አውጥተው ቆመዋል፤ እንዴት ዝም ልበል?»

ውሃ የት አለ። ሰውየው ሁለት ጊዜ የለመነኝ ይህን ነው፤ እኔ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ሕዝቡም አጨበጨበ።

እንግዲህ ልጻፈው። የፈረንጁ አነጋገር አልተበላሸም። ከተናገረው አንድም አልገባኝም። ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ አራት ዓመት ሆነኝ፤ በእነዚህ አራት ዓመታት እንግሊዝኛ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ቃሉን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፣ እንደ ቅኔ አሰልፌዋለሁ፤ ግን በቃሉ አንድ ነገር ለምኜ አላውቅም፣ አንድ ሰው ለምኖኝም አልሰጠሁም። ፈትለወርቅ ይህን ከሁሉ በፊት አወቀች። ሳታዋርደኝ ሄዳ የሚያውቅ ሰው ፈለገች። እኔ ደግሞ ያን ስላደረገች በአባቷ እጅ አስቀጣኋት። ለእሷ ብዬ አልነበረም። አፈርኩባት፤ እፍረቴ ቁጣ መሰለኝ።

ጁነይዲ ሲሄድ «አላህ ያግራልዎ» ብሎኝ ነው የሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 19

አባ ተክለሃይማኖትን ለመንኳቸው፤ የባላምባራስ የነፍስ አባት ናቸው። ደምሌንም ለመንኩት። ሽማግሌ ሆነው እሑድ ይሄዱልኛል። ደምሌ «ምን ብለን ነው የምንለምነው?» አለ። «ይቅርታ» አልኩት። «ምን በድለህ?» አለ። ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሾፍብኝ ቀረ።

ግንቦት 22፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ መጻፍ አለብኝ።

ሦስት ሆነን ባላምባራስ ደጅ ቆምን፤ አባ ተክለሃይማኖት መስቀላቸውን ይዘው፣ ደምሌ ካባ ተውሶ፣ እኔ ነጭ ጋቢ ለብሼ ከኋላ። አሁን ሳስበው፣ ሚስት የሌለው ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ ሴት ልጅ ካለበት ቤት ሲቆም ምን እንደሚመስል ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ወይዘሮ ቦጋለች አይተውን ወደ ጓዳ ሮጡ፤ ጠላ ሲቀዳ ሰማሁ። ባላምባራስም ገና ሳንቀመጥ፣

«አባ፣ ደግ አላደረጋችሁም። ልጄን ለአንዳቤት ሰጥቻለሁ፤ ዘግይታችኋል። ለካ መምህሩ ነጋዴ ደጃፍ ተቀመጠች እያለ የሚቆጣጠራት ለዚህ ኖሯል!» አሉ።

አባ ተክለሃይማኖት ሳል ያዛቸው። ደምሌ ካባው ውስጥ ገባ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

«ለጋብቻ አይዶለም ባላምባራስ» አሉ አባ በመጨረሻ። «በድሏችኋልና ይቅርታ ሊል ነው የመጣነው።»

ከግቢው አጥር ሥር አንድ ድንጋይ አንስቼ አንገቴ ላይ አደረግኩና ጎንበስ አልኩ። ከጓዳው በር ኋላ ፈትለወርቅ እንዳለች አውቃለሁ፤ የቀሚሷ ጫፍ ይታየኛል። ተናገርኩ። ነጋዴው ዘንድ የሄደችው ለቧልት እንዳልሆነ፣ እኔ የማላውቀውን እሱ ስለሚያውቅ እንደሆነ፣ ፈረንጁ ውሃ ሲለምነኝ እንዳልገባኝ፣ ስትደርስብኝ አፍሬ እንዳሳጣኋት። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ ንግግሩ ግን ከድንጋዩ ይብስ ነበር።

ባላምባራስ «አውርደው» አሉኝ። ከዚያም፣ «እኔ እኮ ፊደል አላውቅም ብዬ ነው የምኖር፤ ማንም አልናቀኝ። አንተ አላውቅም ማለት ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ?» አሉ።

ጠላው ቀረበ፣ ለሌላ ነገር የተቀዳ ቢሆንም ጠጣነው። ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ፈትለወርቅ ነገ ትመለሳለች። ጁነይዲ ፈቃዱ ከሆነ ትምህርት ቤት ገብቶ በሩ ክፍት ሆኖ አሥሩንም ያስተምራል። የጥር ድግሱ ነገር ግን እንደተባለው ነው፤ ከወደቀች ትዳራለች። ያን ለመለወጥ አፍ አልነበረኝም።

አሥራ አንድ ቀን ከቤት ዋለች። ለፈተናው የቀረው ዘጠኝ ነው።

ግንቦት 24

ጁነይዲ ጠመኔ አልያዘም። አንድ ጣቃ አቡጀዲ ይዞ ገባ። ልጆቹን ገዢና ሻጭ አደረጋቸው፤ ይከራከራሉ፣ ይለካሉ፣ ይቆጣሉ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ። እሱ ይናገራል፣ እኔ የተናገረውን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ እሱ ማንበብ አይችልም፣ እኔ መናገር አልችልም። ሁለት ግማሽ መምህር ሆነን አንድ ክፍል ያዝን። መሐል ላይ ወደ እኔ ዞረና፣

«አንተም ቁጭ በልና መልስ እንጂ» አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ «አንተ» ሆኛለሁ።

የጠየቀኝን አላወቅኩትም። «አይ ዶንት ኖው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፈትለወርቅም ሳቀች።

ግንቦት 29

ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ላይ ነን። አሥሩም ስንቃቸውን ይዘዋል፣ ፈትለወርቅ ከአጎቷ ጋር። እግሬ ቆስሏል። ልጆቹ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጠራሉ፤ በሬ፣ ድልድይ፣ መነኩሴ።

ሰኔ 2

አለቀ። የእንግሊዝኛው ፈተና በሬውን ሊሸጥ ገበያ ስለሄደ ሰው የሚያወራ ታሪክ ነበር። ሰውየው ለምን ተመለሰ? በሬውን ማን ገዛው? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ልጆቹ ከበውኝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነገሩኝ። «በ‹ሽን› የሚያልቅ ስንት አገኛችሁ?» አልኳቸው። «አንድ፤ እሱም ርእሱ ላይ ያለው ኤግዛሚኔሽን» አሉኝና ሳቁ።

ፈትለወርቅ አልሳቀችም። «ታሪኩ ገብቶኛል። ግን የኋለኞቹን አልደረስኩባቸውም፣ ጊዜ አለቀብኝ። ስጽፍ እዘገያለሁ» አለች። ከአጎቷ በቅሎ ኋላ እየተራመደች ሄደች።

ሐምሌ 9

ዝናብ። ጭቃው ከቤት አያስወጣም። ቃል መሰብሰብ ካቆምኩ ቆየሁ፤ ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ ነው የቆመ። ጁነይዲ ሱቅ እየሄድኩ ማንበብ አስተምረዋለሁ፤ እሱ መናገር ያስተምረኛል። ባላምባራስን በመንገድ ሳገኛቸው ስለ ውጤት አይጠይቁኝም። ስለ ገብሱ ነው የሚጠይቁኝ።

ሐምሌ 27

የአንዳቤት ሰዎች ለባላምባራስ አንድ ሙክት ልከዋል ይላሉ።

ነሐሴ 12

ደብረ ታቦር ሄጄ የውጤቱን ዝርዝር ተቀብዬ ተመለስኩ። አንዲት ገጽ ናት፣ በእንግሊዝኛ የተተየበች። ከአሥሩ ስድስቱ አልፈዋል።

ሰባተኛዋ ፈትለወርቅ ናት። ወድቃለች።

መንገዱን ሁሉ አሥራ አንዱን ቀን ስቆጥር መጣሁ። እሷን የጣላት እንግሊዝኛው ይሁን ሒሳቡ አይጽፍም፤ ግን አሥራ አንዱ ቀን ቢኖራት ሒሳቡንም ትሠራው ነበር። ዝርዝሩ አልወጣም ልበላቸው? ጥር እስኪመጣ ምናልባት አንድ ነገር ይፈጠራል። ወንዙ ሙላት ላይ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ ብልስ? ይህን ሁሉ እንዳሰብኩ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን አስቤዋለሁ።

ነሐሴ 13

ጠዋት ባላምባራስ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ዝናብ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፤ አፌን ከፍቼ ልናገር ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«አንተ ተው። ፈትለወርቅ! ነይ አንብቢው። ስምንት ዓመት ያስተማርኩሽ ለምንድነው።»

መጣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወረቀቱን ያዘች። ከዚያ ቤት ውስጥ ያን ወረቀት ማንበብ የምንችል እኔና እሷ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ እስክታነብ ድረስ ዝም እንድል ታዝዣለሁ። ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ከፊቴ ሁሉንም ያነበበችው ይመስለኛል።

ከላይ ጀመረች። ስም ትጠራለች፣ ቀጥላ በአማርኛ «አልፏል» ትላለች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ እስከ ስድስተኛው። ድምፅዋ አልተለወጠም።

«ፈትለወርቅ ማሩ፣ ወድቃለች» አለች። አልቆመችም። የቀሩትን ሦስቱንም እንደዚያው አንብባ ጨረሰችና ወረቀቱን አጥፋ ለእኔ መለሰችልኝ።

ባላምባራስ ዝናቡን እያዩ ጠየቁ። «ሰባተኛው ላይ ማን አልሽ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ይላል?»

«ይላል» አልኩ።

«ብትዘለው ወይ አልፋለች ብትለኝ አውቅ ነበር?»

«ለዛሬ አያውቁም ነበር።»

እናቷ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባላምባራስ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ቦጋለች፣ ለአንዳቤት ሰዎች መልክተኛ ይላክ፤ ሙክታቸውም ይመለስ። በዚህ ጥር ድግስ የለም በሏቸው። ለከርሞ ደግማ ትፈተናለች» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቃሌን አጠፍኩ ይበሉኝ፤ ሸክሙን እችለዋለሁ። ራሷ ላይ እንዲህ የምትፈርድ ልጅ ይዤ ምን ያስቸኩለኛል?» አሉ።

ፈትለወርቅ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ በዝናብ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ ራሴን አንድ ነገር ብቻ ስጠይቅ መጣሁ፤ መልሱን ግን በረንዳው ላይ ቆሜ ሳለሁ አውቄዋለሁ። እኔ ብሆን ሰባተኛውን ስም እዘለው ነበር።